ሁለት ወር ተኩል የቆየው ሲሊንደር

ባለቤቴ በከተማችን ያሉትን ምግብ ቤቶች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያወቃቸው በጓሮ በር ነው። ሥራው ቡታጋዝ ማደል ነበር። ጠዋት ከመጋዘኑ የሞሉትን ሲሊንደሮች በእጅ ጋሪ ጭኖ ይወጣል። ጋሪው የማያስገባ ጠባብ መንገድ ሲደርስ አንዱን ትከሻው ላይ ያነሳል፤ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ትከሻው ላይ የሚያደርገውን ትራስ የምሰፋለት እኔ ነበርኩ፤ ላዩ የአሮጌ ጂንስ ሱሪ፣ ውስጡ ጥጥ፣ ዙሪያው ድርብ ስፌት። ትራሱ ስምንት ወር አይሞላውም፣ ያልቅ ነበር። የሥራውን ክብደት የማውቀው ከዚያ ትራስ ነው እንጂ እሱስ ደከመኝ ብሎ አያውቅም።

ከተማችን እንግዳ ተለይቷት አያውቅም። አሮጌውን ግንብና የድንጋይ ቤቶቹን ለማየት ከየአገሩ ይመጣሉ፤ አንገታቸው ላይ ካሜራ፣ እጃቸው ላይ ካርታ። ዋናው መንገድ ግራና ቀኙ ምግብ ቤት ነው። በየበሩ የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት ሰሌዳ ቆሟል፤ ፎቶውን ፀሐይ ስለመታው ሥጋው ሰማያዊ፣ ሰላጣው ቢጫ መስሏል። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ አስተናጋጆች መንገደኛውን ክንዱን ይዘው "ግቡ፣ ግቡ፣ የቤት ምግብ ነው!" ይላሉ። የማን ቤት እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ባለቤቴ ያንን ሰሌዳ አንብቦ አያውቅም። እሱ የሚያነበው ሌላ ነገር ነበር። ሲሊንደር በተከለ ቁጥር ከግርጌው ቀለበት ላይ በጠመኔ ቀኑን ይጽፋል፤ ሊቀይር ሲመለስ ስንት ቀን እንደቆየ ያያል። አራት ጠረጴዛ ያለው ቤት በዘጠኝ ቀን ከጨረሰ እዚያ ከማለዳ ጀምሮ ድስት ይጣዳል ማለት ነው። ሃያ ጠረጴዛ ኖሮት ወር ከቆየ ደግሞ እዚያ የሚሠራው ማሞቅ ብቻ ነው። ቀጥሎ የቆሻሻ በርሜሉን ያያል፤ የሽንኩርት ልጣጭና የካሮት ቅጠል ነው ወይስ ባዶ ቆርቆሮ? በመጨረሻም ምግብ አብሳዮቹ ራሳቸው ምን እንደሚበሉ ያያል። "ፏፏቴ ያለው ትልቁ ቤት አብሳዮቹ ምሳቸውን ከየቤታቸው ቋጥረው ነው የሚመጡት" ብሎ ሲነግረኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው "አፍንጫው" እያለ ነው። ስሙ የወጣለት አንድ ቀን እንግዶች የሚያርፉበት ፔንሲዮን ደረጃ ላይ ቆሞ "እዚህ ቤት ጋዝ ይተናል" ስላለ ነው። ማንም ምንም አልሸተተውም። እሱ ግን የጺም ብሩሹን በሳሙና ውሃ ነክሮ የጋዙን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው፤ አንዲት የሽንብራ ፍሬ የማታክል አረፋ ብቅ አለች። የተበላሸውን ማጥበቂያ ጎማ ቀየረና ምንም እንዳላደረገ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ታናናሾቹ "ጋሼ አፍንጫ"፣ እኩዮቹ "አፍንጫው" ይሉታል። ስሙን ይወደው ነበር፤ እንደሚወደው ግን እንዲታወቅበት አይፈልግም።

የፔንሲዮኑ እንግዳ ተቀባይ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ባለ መነጽሯ ነው የምንላት። እንግዶቹ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቋታል፤ "የከተማው ሰው ራሱ የሚበላው የት ነው?" እሷ ምሳዋን ከቤት ስለምታመጣ የምትመልሰው ቸግሯት ኖሮ አንድ ጠዋት ሲሊንደር ሊቀይር የገባውን ባለቤቴን ያዘችው።

"ጋሼ፣ እርስዎ የማይገቡበት ጓዳ የለም። እስቲ እነዚህን ሁለት ምስኪኖች የት ልላካቸው? ትናንት ፏፏቴው ቤት በልተው ሌሊቱን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ነው ያደሩት።"

"ከጋራዡ ጀርባ ያለው ቤት ላኪያቸው" አላት። "ሽማግሌው ሰባት ቀን ነው የሚያቆየው።"

"ምኑን ነው ሰባት ቀን የሚያቆየው? ምግቡን?"

"ሲሊንደሩን ነዋ!"

እንግዶቹ ሄዱ። መካኒኮች መሀል ተቀምጠው በሉና ሸሚዛቸው ላይ መረቅ ተንጠባጥቦባቸው፣ ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ። በማግስቱም እዚያው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ባለ መነጽሯ በየጠዋቱ "የዛሬውን ይንገሩኝ" ትለው ጀመር። የታክሲ ሹፌሮቹ ከእሷ ሰሙ፤ የአውቶቡስ መናኸሪያው ሻንጣ ተሸካሚዎች ከሹፌሮቹ ሰሙ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንግዳ የሆነ ሁሉ ባለቤቴ ባመለከተው ቤት ነበር የሚበላው፤ እሱን ግን አንዱም አያውቀውም።

ክር ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ "የአፍንጫው ባለቤት ናቸው፣ በደንብ ለኩላቸው" ሲል አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር። ለምን እዋሻለሁ?

ከሁሉም የሚያኮራኝ አንድ ሕግ ነበረው። ከደንበኛ ቤት አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። ባለቤቶቹ "ጋሼ፣ አንድ ሳህን ይብሉ እንጂ" ብለው ይለምኑታል፤ እሱ ምሳው ጋሪው ላይ በጨርቅ ተቋጥሮ አለ። "በልቼ ከመሰከርኩ ሆዴ ነው የመሰከረው ይሉኛል" ይለኝ ነበር። ይህ ሕጉ ነው በኋላ ያሳሳተው።

ከጫማ ሰፊዎቹ መደዳ ጀርባ፣ አሥራ አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረች። የደረጃው ቤት ትባላለች። የምታበስለው ብቻዋን የምትኖር፣ ቀጠን ያለች፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ ሴት ናት። ባለቤቴ ወደዚያ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነበር፤ ምክንያቱም የእሷ ሲሊንደር ሁለት ወር ተኩል ይቆያል። በሄደም ጊዜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ምድጃዋ ቀዝቅዞ፣ ድስት ሳይጣድ፣ ሴትዮዋ አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም ያገኛታል።

አንድ ጠዋት ባለ መነጽሯ "የደረጃው ቤትስ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"እዚያ ቤት እሳት አይነድም" አላት እየሳቀ። "የትናንቱን ነው የሚያቀርቡት።"

ይህችኑ ብቻ ነው ያለው። የዚያን ቀን ማታ ለእኔም ነገረኝና ሳቅሁ። ባለ መነጽሯ ለሹፌሮቹ ነገረች፣ ሹፌሮቹም ለሻንጣ ተሸካሚዎቹ። ሁለት ዓመት አለፈ።

እኔ ቤቴ ውስጥ ብርድ ልብስና ፍራሽ እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት በሩን ቆረቆረች። እጇ ላይ አሮጌ የጥጥ ከረጢት ነገር ይዛለች፤ ጥጡ ተጓጉሎ፣ ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

"እትዬ፣ እንደዚህ ያለ ልትሰፊልኝ ትችያለሽ?" አለችኝ። "ክብ ነው። ክዳንም አለው።"

"ለምን የሚሆን ነው?" አልኳት።

"ለድስት።"

"ድስት ይበርደዋል እንዴ?"

ሳቀች። ጥርሶቿ መሀል ክፍተት አለ፤ ስትስቅ ልጅ ትመስላለች። የድስቱን ልክ በክር ለክታ ነው የመጣችው፤ በክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ ለዙሪያው፣ አንድ ቋጠሮ ለቁመቱ። እንደዚህ የምትጠነቀቅ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ቁጭ አለችና አሠራሩን ነገረችኝ። ቦሎቄውን ከማታ ትዘፈዝፋለች። ጎህ ሲቀድ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ትጥደዋለች። ሃያ ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ ክዳኑን ሳትከፍት ታወርደውና በዚህ ጥጥ ጠቅልላ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ሳጥኑን ዘግታ ትቀመጥበታለች። እስከ ምሳ ሰዓት በራሱ ትኩሳት ይበስላል።

"አይፈርስም፣ አያርም፣ ሽታውም አይጠፋም" አለች። "የበግ ሥጋ ደግሞ ከድንች ጋር ስሠራው ከአጥንቱ በማንኪያ ነው የሚላቀቀው። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። እኛ ቤት እንጨት በመከራ ነበር የሚገኘው።"

"ምግብ ቤት አለሽ?"

"ነበረኝ ብል ይሻላል። የደረጃው ቤት የምትባለዋ። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እለቃለሁ፤ ቤቱን ኮፍያ ነጋዴ ይከራየዋል። እኔ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው። ይኼንንም የማሰፋው እዚያ ለሁለታችን እንድቀቅልበት ነው።"

የያዝኩት መርፌ እጄ ላይ ቀረ።

"ለምን ትለቂያለሽ?" አልኳት።

"ሰው የለማ! የሰፈሩ ሰው ቤቱን ለእንግዳ እያከራየ ወጣ። የቀሩልኝ ጫማ ሰፊዎቹ ናቸው። እንግዶቹ ደረጃው ሥር ይመጣሉ፣ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ሹፌሩ በጆሯቸው አንድ ነገር ይላቸዋል፣ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሹፌሩን ያዝኩትና ምን እንደሚላቸው ጠየቅኩት። 'የትናንት ምግብ ነው የምታቀርበው ተብሏል' አለኝ። ማን ነው ያለው ስለው፣ 'የሚያውቅ ሰው' አለኝ።" ጉልበቷን አሻሸች። "እኔ ባደረ ምግብ ሰው አብልቼ አላውቅም፣ እትዬ። የተረፈኝን እንኳን ራሴ ነኝ ማታ የምበላው።"

የማን ሚስት እንደሆንኩ አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም። "ማክሰኞ ይደርስልሻል" ብቻ አልኳት።

እኔና ባለቤቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ተሳስተሃል ብዬው አላውቅም። ስለማይሳሳት አይደለም። ሰው ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ነው፤ የገዛ ባሌም ቢሆን። ያን ቀን ግን እግሩን እየታጠበ ሳለ ፎጣውን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ።

"የደረጃዋ ሴትዮ ቤቷን ልትለቅ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምን ይደረግ?"

"ምግቧን ቀምሰኸው ታውቃለህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ከደንበኛ ቤት እንደማልበላ አንቺ አታውቂም?"

"አውቃለሁ። ግን በጥጥ ጠቅልላ ነው አሉ የምታበስለው።"

"በጥጥ!" ብሎ ሳቀ። "አንቺ ሴት፣ ሲሊንደር አይዋሽም። ሁለት ወር ተኩል የሚቆይ ሲሊንደር ሻይ እንኳን በቅጡ አያፈላም።"

ፎጣውን ሰጠሁት። ከዚያ በላይ መናገር አልሆነልኝም። ቃል ሲያቅተኝ ግን እጄ አለልኝ።

ዓርብና ቅዳሜ የሴትዮዋን ሥራ አስቀድሜ ሰፋሁት። አዲስ ጥጥ ሦስት ጊዜ አነባበርኩ፤ ጥጡ እንዳይሸሽ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሰፍቼ ያዝኩት። ክዳኑን ወፍራም አደረግኩት። ቅዳሜ ማታ ቦሎቄ ዘፈዘፍኩ። እሁድ ባለቤቴ ሥራ የለውም፤ ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዶ እስከ ምሳ ዳማ ይጫወታል። እግሩ ከደጅ እንደወጣ ድስቱን ጣድኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ልክ በሃያው ደቂቃ አወረድኩትና በአዲሱ ጥጥ ጠቅልዬ በልብስ ቅርጫቱ ውስጥ፣ በሁለት ብርድ ልብስ መሀል ቀበርኩት። ከዚያ የማደርገው ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ልከፍተው እጄን ዘርግቼ መለስኩ። ባይበስልስ? የሰው ዕቃ ባበላሽስ?

በምሳ ሰዓት መጣ። በዳማ አሸንፎ ስለነበር ደስ ብሎታል። ከቅርጫቱ ያወጣሁትን ሳያይ ሳህኑ ላይ ጨለፍኩለት። ዳቦ ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ በላ። ደግሞ በላ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ዛሬ ይኼ ቦሎቄ ምን ሆኗል?"

"ምነው?"

"ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት በስሏል። አንዱም አልፈነዳም። እሳት ስንት ሰዓት ፈጀ?"

"ሃያ ደቂቃ።"

"ሃያ ደቂቃ! ቦሎቄ እኮ ነው፣ እንቁላል አይደለም።"

ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። መዳፉን ምድጃው ላይ አሳረፈ፤ ቀዝቅዟል። ሲሊንደሩን በጉልበቱ አዘንብሎ በጣቱ አንጓ ከላይ ወደ ታች መታ መታ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ያ ጆሮ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጋዝ ቢጎድል የሚያውቅ ጆሮ ነው። ከዚያ ቅርጫቱን አየና እጁን ወደ ብርድ ልብሱ መሀል ሰደደ። ወዲያው መለሰው፤ አቃጠለው።

"ማን አስተማረሽ?"

"የደረጃዋ ሴትዮ።"

ጓዳው ውስጥ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። "ሳጥኑ" አለ።

"የቱ ሳጥን?"

"የምትቀመጥበት ሳጥን። አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ምሳው ላይ ነው እንዴ ተቀምጣ የኖረችው?"

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሱ አልሳቀም። ፊቱ ጠቁሮ የጥጡን ክዳን አንስቶ እያገላበጠ የስፌቱን መስመር በጣቱ ይከተል ነበር።

"መቼ ነው የምትለቀው?" አለኝ።

"የፊታችን ቅዳሜ።" ሹፌሩ 'የሚያውቅ ሰው' ብሎ ያላትንም ነገርኩት።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጋሪውን መጋዘን አቁሞ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና "ዕቃዋን ይዘሽ ነይ" አለኝ። በጫማ ሰፊዎቹ መደዳ አልፈን ደረጃው ሥር ስንደርስ ልማዱ ሆኖ ወደ ጓሮው ሊታጠፍ ነበር፤ ቆም አለና በፊት በኩል ወጣ። አሥራ አንዱን ደረጃ ከኋላው ሆኜ ቆጠርኩ።

ቤቷ አራት ጠረጴዛ ብቻ አላት፤ ላያቸው ላይ የታጠበ፣ አበባው የደበዘዘ ፕላስቲክ ተነጥፏል። ሁለት ጫማ ሰፊዎች ጥግ ላይ ይበላሉ። ሴትዮዋ ጭልፋ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። መጀመሪያ ባለቤቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

"ጋሼ፣ ምነው በፊት በር? ሲሊንደሩ ገና አላለቀም እኮ።"

"ምሳ ልበላ ነው" አላት።

ጫማ ሰፊዎቹ ማንኪያቸውን አቆሙ። አንደኛው "ኧረ ጉድ! አፍንጫው አፍ አወጣ!" አለ።

በግ ከድንች ጋር ነበር። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ በላ። ዳቦ ጨምሩልኝ ብሎ ሳህኑን ጠረገው። እኔም በላሁ፤ ሥጋው እንዳለችው በማንኪያ ይላቀቃል፤ መረቁ ጠርቶ ከሥሩ የሳህኑ አበባ ይታያል። ከዚያ ባለቤቴ ተነሳ። ሲናገር እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም ነበር።

"እመቤቴ፣ ያ 'የሚያውቅ ሰው' የተባለው እኔ ነኝ። ሲሊንደርዎ ሲቆይ አየሁና እሳት አይነድም አልኩ። ሳልቀምስ ነው የተናገርኩት።"

ሴትዮዋ እርጥብ ጨርቋን አንስታ የተወለወለውን ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች። ወለወለችው፣ ደግማ ወለወለችው።

"ሁለት ዓመት" አለች በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አጎደልኩ እያልኩ ወንበር ቀየርኩ። ግድግዳ ቀባሁ። ጨው ቀነስኩ፣ ጨው ጨመርኩ።" ጨርቁን ጨመቀችው። "ይቅርታ ሊሉኝ ከሆነ የመጡት ለኔ ምን ያደርግልኛል? ምግቤ ጥሩ እንደሆነማ እኔ አውቃለሁ። ለነገሯቸው ሰዎች ይንገሩ። ለያንዳንዳቸው።"

"እነግራለሁ" አላት።

እኔ የሰፋሁትን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አየችኝ፤ የማን ሚስት እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባት። ክዳኑን አንስታ ስፌቱን ስታየው ቆየችና "ወፍራም ነው፤ ጥሩ ነው" ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ቤት ወጥተን ቀጥታ ፔንሲዮን ሄድን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት።

"የደረጃው ቤት ምግብ ግሩም ነው፤ ቀምሼዋለሁ" አላት ባለ መነጽሯን። "እንግዳሽን እዚያ ላኪ።"

መነጽሯን አድርጋ አየችው። "ጋሼ፣ እሳት አይነድም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"እሺ፣ 'አሁን ተሻሽሏል' እላቸዋለሁ። አያሳስብም፣ ማንም ልብ አይለውም።"

"አይሆንም" አላት። "ምንም የተሻሻለ ነገር የለም። ድሮም እንዲሁ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ብለሽ ንገሪልኝ።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያስቡበት እንጂ ጋሼ። በዚህኛው ከተሳሳቱ በሌላውስ ይላሉ። ሃያ ዓመት የገነቡትን ስም በአንድ ቀን ሊንዱት ነው?"

"ይበሉ። እውነታቸውን ነው። የቀረውንም አልቀመስኩትም።"

ባለ መነጽሯ እስክሪብቶዋን አንስታ የቤቱን ስም ጻፈች።

ከዚያ ወደ ታክሲ ተራው ሄደ። ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ተኮልኩለው ነበር። ባለቤቴ መሀላቸው ቆሞ እንደዚያው አላቸው፤ አልቀነሰም፣ አልጨመረም። የሆነው የታወቀ ነው፤ ለሹፌር እንዲህ ያለ ነገር ሰርግና ምላሽ ነው።

"አፍንጫው ጉንፋን ይዞት ኖሯል!"

"ሁለት ዓመት የቆየ ጉንፋን! ሐኪም አላየህም እንዴ ጋሼ?"

"ከእንግዲህ ማንን እናምናለን? የጋራዡ ሽማግሌም የትናንቱን እያቀረበ ይሆናል!"

ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ጆሮው ቀልቷል፤ እኔ ከኋላው ስለቆምኩ አየሁት። እኔ ብሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ነበር የምወደው። እሱ ግን ሳቁ ሲያልቅ "ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን እንግዳ ስታመጡ ደረጃው ሥር አድርሱና በጆሮው ምንም አትበሉት" አላቸው። ከመካከላቸው አንድ ሸበቶ "እሺ ጋሼ" አለ፤ ያኛው አልሳቀም ነበር።

ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ዘንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄደ። በየተራ ስለሚሠሩ የጠዋቶቹንም የከሰዓቶቹንም ለማግኘት ሁለቴ ተመላለሰ። ማክሰኞ ማንም ወደ ደረጃው ቤት አልወጣም። ረቡዕ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሽማግሌ እንግዶች ወጡ፤ ባለ መነጽሯ ናት የላከቻቸው። ሐሙስ እነሱው ሌሎች አራት አስከትለው መጡ። ይህን የምናውቀው ጫማ ሰፊዎቹ ባለቤቴ ባለፈ ቁጥር እንደ ኳስ ውጤት በጩኸት ስለሚነግሩት ነው፤ "አፍንጫው! ዛሬ ስድስት!" "ዛሬ አሥራ አንድ! እኛ ቦታ አጣን፣ አንተ ነህ ያጠፋኸን!"

ቅዳሜ መጣ። ባለቤቴ ጠዋት ምሳ ልቋጥርለት ስል "ተይው" አለኝ። እኔም ቤት መቀመጥ አቃተኝና በምሳ ሰዓት ወደዚያ ሄድኩ። ደረጃው ሥር ስደርስ የቤቱ አከራይ ከኮፍያ ነጋዴው ጋር ቆሟል። ነጋዴው መለኪያ ሜትሩን መዟል፤ ግን መውጫ የለውም። አራቱም ጠረጴዛ ሞልቷል፤ የተረፉት እንግዶች ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተደርድረው ይበላሉ። አንዱ ባለ ካሜራ ካሜራውን ረስቶ ዳቦ ያጠቅሳል።

"በየት በኩል ገብቼ ልለካ?" አለ ኮፍያ ነጋዴው።

ሴትዮዋ ጭልፋዋን ይዛ ከላይ ብቅ አለች። ፊቷ ወዝቷል፤ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል።

"የምትለካው የለህም፣ ወንድሜ" አለችው። "አልለቅም። ከራበህ ግን ሳህን ላውጣልህና እዚያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥ።"

አከራዩ "ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?" አለ።

"ተነጋግረን ነበር። አሁን ደግሞ አልለቅም እያልኩህ ነው። ቁልፉ እዚሁ ጉያዬ ውስጥ ነው፤ መጥተህ ውሰደው!"

ደረጃው ላይ ያሉት እንግዶች ቋንቋውን ባያውቁም ነገሩ ገብቷቸው ሳቁ። ኮፍያ ነጋዴው ሜትሩን ጠቀለለ። ትንሽ አመነታና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ከሁሉም በላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ድስቱ ሲፋቅ ከታች ይሰማል። ተመልሳ አንድ ሳህን ቦሎቄ ዘረጋችለት።

"የመጨረሻው ነው" አለችው። "የራሴ ድርሻ ነበር። ተቀብለው ይብሉ።"

ተቀበላት። ደረጃው ላይ ከእንግዶቹ መሀል ተቀመጠ። ያን ጊዜ አንድ ሻንጣ ያዘለ ረጅም መንገደኛ ደረጃው ሥር መጥቶ ቆመ። እጁ ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱን አየ፣ ጠባቧን በር አየ፣ ቀጥሎ ባለቤቴን አየና ሳህኑን በጣቱ አመልክቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ጥሩ ነው? ማለቱ ነው።

የታክሲው ሸበቶ ሹፌር ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይመለከታል። ጫማ ሰፊዎቹም መዶሻቸውን አቁመዋል። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ማንም አላዞረም። አንድ ማንኪያ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ከዚያ ነው እጁን አንስቶ መንገደኛውን የጠራው፤ ጠጋ ብሎም ደረጃው ላይ ቦታ ለቀቀለትና ሳህኑን መሀላቸው አስቀመጠ።